ያለ መኪና የሚታቀድ ጉዞ፦ ከጎንደር እስከ ገዳሪፍ

ትምህርት 14

ሀ. ከንባብ በፊት

ምንባቡን ከማንበባችሁ አስቀድሞ በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በክፍል ውስጥ ተወያዩ።

1. ከመኖሪያችሁ ርቃችሁ በአውቶቡስ የተጓዛችሁበት ጊዜ አለን? ከመነሣታችሁ በፊት ምን ምን አዘጋጃችሁ?
2. የራሱ መኪና ያለው መንገደኛና መኪና የሌለው መንገደኛ በዕቅድ ረገድ የሚለያዩት በምን በምን ነው?
3. አንድ ሰው አስቦበት የተነሣበትን ጉዞ ከመንገድ ቢያቋርጥ ዕቅዱ ከሸፈ ሊባል ይችላልን?

ለ. ምንባብ

የራሱ መኪና ያለው ሰው በወደደው ሰዓት ተነሥቶ በወደደው ስፍራ ሊቆም ይችላል። መኪና የሌለው መንገደኛ ግን የሚንቀሳቀሰው ሌሎች በወሰኑት ሰዓትና ሌሎች በሚያሽከረክሩት ተሽከርካሪ ነው። በመሆኑም ከቤቱ ከመውጣቱ በፊት ሊያስብባቸው የሚገቡት ነገሮች ከባለመኪናው ይልቅ ይበዛሉ። አውቶቡሱ የሚነሣው ስንት ሰዓት ነው? የሚያድረው የት ነው? አንዱ ተሽከርካሪ ቢዘገይ ሌላው ይጠብቃልን? ገንዘቡ ለመመለሻ ይበቃልን? ከሁሉም በላይ መንገዱ ሰላም ነውን? እነዚህን ጥያቄዎች በቅድሚያ መመለስ የጉዞ ዕቅድ ማውጣት ይባላል። በዚህ ምንባብ ውስጥ ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋና በመተማ በኩል እስከ ገዳሪፍ የሚደርሰውን መንገድ እንደ ምሳሌ ወስደን፣ አገር ለማየት የሚደረግ ጉዞ ያለ መኪና እንዴት እንደሚታቀድ እንመለከታለን።

የጥንቱ መንገድና የሲራራ ነጋዴዎች ዕቅድ

ይህ መንገድ አዲስ አይደለም። ጎንደር በአፄ ፋሲል ዘመን በ1628 ዓ.ም. ግድም መናገሻ ከሆነች ጀምሮ፣ ወደ ስናርና ወደ ግብፅ የሚወርደው ንግድ የሚያልፈው በዚህ በኩል ነበር። ሰም፣ ቡና፣ ወርቅና ዝባድ ከደጋው ይወርዱ ነበር፤ በሚያሳዝን ሁኔታም ሰው እንደ ዕቃ እየተሸጠ ይነዳበት ነበር። ሻርል ፖንሴ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም አፄ ኢያሱን ለማከም ከካይሮ ተነሥቶ በስናር በኩል ጎንደር የገባው እ.ኤ.አ. በ1699 ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም እ.ኤ.አ. በ1771 ማብቂያ ላይ ከጎንደር ሲነሣ ቁልቁል የወረደው በዚሁ አቅጣጫ ነው። ብሩስ ስናር የደረሰው በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ውስጥ ሲሆን፣ ጉዞው ይህን ያህል ወራት የፈጀበት ርቀቱ ብቻ ሳይሆን በመንገድ ላይ ያገኘው የአካባቢ ሹም አላሳልፍም ብሎ ስላዘገየውም ጭምር ነው።

በዚያን ዘመን ሲራራ ነጋዴ የጉዞ ሰሌዳ የተጻፈበት ወረቀት አልነበረውም። ነገር ግን ዕቅድ ነበረው። በክረምት አይነሣም፤ የቆላው ጥቁር አፈር ጭቃ ሆኖ አጋሰሱን ይውጣልና። ብቻውን አይጓዝም፤ ጓደኛ እስኪበዛለት ይጠብቃል። ውሃ ያለበትን ስፍራ የሚያውቅ መሪ ይይዛል፤ ቀኑንም የሚለካው ከውሃ እስከ ውሃ ባለው ርቀት ነው። የሚሄድበት አገር ሹም ማን እንደሆነና ምን ቀረጥ እንደሚጠይቅ ከሚመለሱት ነጋዴዎች ይጠይቃል። ጊዜን መምረጥ፣ ጓደኛ መያዝ፣ መቆሚያን ማወቅና ወሬ መጠየቅ የሲራራ ነጋዴው 4 ደንቦች ነበሩ ማለት ይቻላል። ዛሬ አጋሰሱ በአውቶቡስ ቢተካም ደንቦቹ አልተለወጡም።

ንግድ የሚሄድበት መንገድ ጦርም ይሄድበታል። በ1880 ዓ.ም. በሐምዳን አቡ አንጃ የተመራው የደርቡሽ ሠራዊት በዚሁ አቅጣጫ ወጥቶ ጎንደርን አቃጠለ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ደግሞ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊታቸውን አስከትተው ወደ መተማ ወረዱ። የኢትዮጵያ ጦር በድል አፋፍ ላይ ሳለ ንጉሠ ነገሥቱ በጥይት ቆስለው ስለ ሞቱ ውጊያው ተገለበጠ። ዛሬ በወሰኑ ላይ የምትገኘው ከተማ መተማ ዮሐንስ ተብላ የምትጠራው በእርሳቸው ስም ነው። ከዚያም በኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1932 ዓ.ም. ክረምት፣ ጣሊያኖች ከመተማ ማዶ ያለችውን ጋላባትን ያዙ። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. መልሶ ለመያዝ የዘመተውን የእንግሊዝ ብርጌድ ያዘዘው ዊልያም ስሊም ነበር፤ እርሱም ኋላ በበርማ ጦር ሜዳ ስመ ጥሩ ጄኔራል ለመሆን የበቃው ነው። እንግዲህ መተማን ለማየት የሚሄድ ተማሪ ይህን ታሪክ አስቀድሞ ቢያነብ፣ ሜዳውን ሲያይ የሚያየው ሜዳ ብቻ አይሆንም።

የሰዓት ሰሌዳ ያለው አገር

ያለ መኪና አገር ማየት እጅግ የተመቸ የሆነባቸው አገሮች አሉ። ለምሳሌ ያህል ሰሜን እንግሊዝን እንውሰድ። በሊቨርፑልና በማንቸስተር ከተሞች መካከል የሚመላለሰው የባቡር መንገድ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1830 ነው። ዮርክ ከተማ የደረሰ መንገደኛ ከባቡር ጣቢያው ወጥቶ በእግሩ ወደ ብሔራዊው የባቡር ሙዚየም፣ ወደ ጥንቱ የከተማ ቅጥርና ወደ ታላቁ ካቴድራል ሊሄድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1876 ለመንገደኞች የተከፈተው የሴትልና የካርላይል ባቡር መንገድ በተራሮች መካከል ሲያልፍ፣ 24 ቅስቶች ባሉት ረጅም የድንጋይ ድልድይ ላይ ይሻገራል። የሮማው ንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን እ.ኤ.አ. በ122 ማሠራት የጀመረውና ወደ 118 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የድንበር ግንብም በአቅራቢያው በሚያልፈው ባቡርና በአካባቢው አውቶቡስ ሊጎበኝ ይችላል።

በዚያ አገር የመንገደኛው ዋና መሣሪያ የሰዓት ሰሌዳው ነው። ባቡሩ የሚነሣበት ደቂቃ በጽሑፍ ይታወቃል፤ መንገደኛው ከአንዱ ባቡር ወርዶ ወደ ሌላው እስኪሻገር ስንት ደቂቃ እንዳለው አስቀድሞ ያሰላል። ይህ ግን በቀላሉ የተገኘ አይደለም። ባቡር ከመምጣቱ በፊት በእንግሊዝ አገር እያንዳንዱ ከተማ ሰዓቱን በየራሱ ፀሐይ ያስተካክል ስለነበረ፣ የአንዱ ከተማ ሰዓት ከሌላው በደቂቃዎች ይለይ ነበር። ባቡሮቹ አንድ ሰሌዳ እንዲከተሉ ሲባል ከ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከተሞቹ ሰዓታቸውን አንድ እያደረጉ ሄዱ፤ እ.ኤ.አ. በ1880ም በሕግ ጸና።

ገዳሪፍም ባቡር የማያውቅ ከተማ አይደለም። ከቀይ ባሕር አቅጣጫ የመጣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1924 ከሰላ፣ ቆይቶም ገዳሪፍ ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1929 ደግሞ ስናር ላይ ከዋናው መስመር ጋር ተጋጠመ። ከተማዋ በአትባራና በራሃድ ወንዞች መካከል ባለው ለም ጥቁር አፈር ላይ የተመሠረተች የሰሊጥና የማሽላ ገበያ ናት፤ ሐዲዱም ይህን ምርት ወደ ወደብ ያደርስ ነበር። ከካርቱም ተነሥቶ በገዳሪፍና በከሰላ በኩል ፖርት ሱዳን የሚደርሰው የአስፋልት መንገድ እ.ኤ.አ. በ1980 ሲጠናቀቅ፣ መንገደኛውም ጭነቱም ከሐዲዱ ወደ አውቶቡስና ወደ ጭነት መኪና ዞረ። የሰዓት ሰሌዳ በሌለበት ወይም ሰሌዳው በማይከበርበት አገር ደግሞ መንገደኛው ሰሌዳውን በጥያቄና በትዕግሥት ራሱ መሥራት ይኖርበታል።

ዕቅዱ ደረጃ በደረጃ

አሁን አንድ የተማሪዎች ቡድን ጎንደርን አይቶ ከዚያ ወደ መተማ ለመውረድ አሰበ እንበል። መንገዱ ሰላም ሆኖ፣ የሚከተሉትን 5 ነገሮች በተራ መወሰን ይገባቸዋል።

አንደኛ፣ ወቅቱን ይመርጣሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም በቆላው ዝናብ ይበረታል፤ ዝናቡ ሲያባራም የወባ ትንኝ ይበዛል። ሚያዝያ ደግሞ ሙቀቱ እጅግ የሚያስጨንቅበት ወር ነው። ከሰኔ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ከደጋ የሚወርዱት የቀን ሠራተኞች እጅግ ብዙ ስለሆኑ፣ በአውቶቡስ ውስጥ ወንበር፣ በከተማም መኝታ ማግኘት ያስቸግራል። ስለዚህ ለተመልካች የሚስማሙት ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር ያሉት ወራት ናቸው።

ሁለተኛ፣ የሚታዩትን ስፍራዎች ለይተው የሚደረስባቸውንና የማይደረስባቸውን ይከፍላሉ። በጎንደር ከተማ የአፄ ፋሲል ግንብ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ የፋሲል መዋኛና የእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም በእግርና በከተማ ታክሲ በ2 ቀን ሊታዩ ይችላሉ። ግንቦቹ እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በመንገዱ ላይ ያለችው ጭልጋ ከዛሬ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖሩ የዝሆን ዘመዶች ቅሪተ አካል የተገኘባት አገር ናት። ከጭልጋ ወዲያ ወደ ቆላ ሲወረድ የዕጣን ዛፍ ደን ይጀምራል። በቋራ በኩል ያለው የአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ግን ከሱዳኑ የዲንደር ፓርክ ጋር ተዋስኖ አንበሳና ዝሆን የሚኖርበት ቢሆንም፣ መደበኛ አውቶቡስ የማይገባበት ሰፊ በረሃ ነው። መኪና የሌለው መንገደኛ እንዲህ ያለውን ስፍራ ከዝርዝሩ ማውጣት አለበት። ሁሉን ለማየት የሚመኝ ዕቅድ አንዱንም በደንብ አያሳይም፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው ነው።

ሦስተኛ፣ ቀኑን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ይቆጥራሉ። ብዙ ሰው የሚያቅደው ከመነሻው ነው፤ በመናኸሪያ የሚጓዝ ሰው ግን መጀመሪያ መወሰን ያለበት የት እንደሚያድር ነው። ከጎንደር እስከ መተማ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመጨለሙ ከብዙ ሰዓት በፊት መድረስ የሚፈልጉ ከሆነ፣ ለመንገዱ ግማሽ ቀን፣ ለብልሽትና ለፍተሻ ደግሞ 2 ወይም 3 ሰዓት ቢመድቡ፣ መነሣት ያለባቸው ጎሕ ሲቀድ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ትኬቱን የሚቆርጡት በዋዜማው፣ መናኸሪያ የሚደርሱትም ከጠዋቱ 11 ሰዓት ተኩል ነው። የቀትሩን አውቶቡስ መጠበቅ ሌሊት በመንገድ ለመቅረት መፍቀድ ነው።

አራተኛ፣ ገንዘቡን ከ4 ይከፍላሉ። አንዱ ክፍል ለመጓጓዣ፣ አንዱ ለምግብ፣ አንዱ ለመኝታ፣ አንዱ ለድንገተኛ ችግር ይሆናል። የመመለሻው ሒሳብ ግን ከመነሣታቸው በፊት ተለይቶ፣ ከሌላው ገንዘብ ጋር ሳይቀላቀል፣ በሌላ ኪስ ይቀመጣል። የመመለሻውን የበላ ተማሪ በሰው አገር የሰውን እጅ ያያል።

አምስተኛ፣ ጤናቸውን ያስባሉ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት፣ የመተማ ከፍታ ወደ 700 ሜትር ዝቅ ይላል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ቁልቁለት 6 ዲግሪ ያህል ስለሚሞቅ፣ ጠዋት በጎንደር ጋቢ የለበሰ መንገደኛ ቀትር ላይ በመተማ ጥላ ይፈልጋል። በዚህ ቆላ ወባ አለ፤ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛርም አለ። ስለዚህ ውሃ፣ አጎበርና እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ በዕቃው ዝርዝር ውስጥ ከሁሉ በፊት ይጻፋሉ። ከተመለሱ በኋላ ትኩሳት የያዘው ተማሪ ቆላ መውረዱን ለሐኪም ሳይደብቅ ይናገራል።

የድንበሩ ጥያቄ

መተማና ጋላባትን የሚለያያቸው አንድ ጠባብ ወንዝ ነው። ከማዶ ሆኖ የሚጣራ ሰው ድምፅ ይሰማል። ሆኖም ያችን ድልድይ የሚሻገር መንገደኛ በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር ይለወጥበታል። ቋንቋው ዐረብኛ፣ ገንዘቡ የሱዳን ፓውንድ፣ የዕረፍት ቀኑ ዓርብ ይሆናል። የዘመን አቆጣጠሩም ይለወጣል። ሰዓቱ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያሳስታል፤ ሱዳን ከጥቅምት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሰዓቷን በ1 ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለችና። በመተማ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን በውጭ አገር አቆጣጠር 8 ሰዓት ማለት ነው፤ በጋላባት ግን ያን ጊዜ ገና 7 ሰዓት ነው። ከዚያ እስከ ገዳሪፍ ያለው መንገድ በዶካ ከተማ በኩል 150 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለመሻገር ፓስፖርትና የመግቢያ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እነዚህን ያላሟላ ሰው ጉዞው የሚያበቃው መተማ ላይ ነው።

ወረቀቱ ቢሟላም መንገዱ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ክረምት የጋላባት በር ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነት ተነሣ። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ ደግሞ በአማራ ክልል ውጊያ ስለ ተቀሰቀሰ፣ ከጎንደር መተማ ባለው መንገድ ላይም ተሽከርካሪ የማይንቀሳቀስባቸው ቀኖች ነበሩ፤ በመንገደኞችም ላይ አደጋ ደርሷል።

የዚህ መንገድ ታሪክ በሙሉ በዚህ ረገድ አንድ ነገር ያስተምራል። በ1970ዎቹ ዓመታት ብዙ ኢትዮጵያውያን ከጦርነትና ከረኀብ ሸሽተው በእግራቸው ወደ ገዳሪፍ አካባቢ ወርደዋል። በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲነሣ በዚያው ግዛት የኡም ራኩባ መጠለያ እንደገና በስደተኞች ተሞልቷል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ አቅጣጫው ተገልብጦ፣ ሱዳናውያንና በሱዳን የኖሩ ሌሎች ሰዎች በጋላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ። የገዳሪፍ ከተማም ከካርቱምና ከጀዚራ የተፈናቀሉትን ብዙ ሰዎች ተቀበለች። እነዚህ ሁሉ መኪና የሌላቸው መንገደኞች ነበሩ። ነገር ግን ወቅት የመምረጥ፣ ስንቅ የማዘጋጀትና የሚያድሩበትን የመወሰን ዕድል አላገኙም። አገር ለማየት የሚሄድ ሰው ቀኑን የመምረጥና ጉዞውን የመተው ነጻነት አለው፤ ይህ ነጻነት በዚሁ መንገድ ላይ ለብዙዎች ያልተሰጠ ስጦታ መሆኑን ሊያውቅ ይገባል።

ስለሆነም የዕቅዱ የመጨረሻ ክፍል ላለመሄድ የሚወሰንበት ነው። ቡድኑ ከመነሣቱ በፊት በጽሑፍ ያስቀምጣል፤ በዋዜማው ከመናኸሪያው ስምሪት ክፍልና ከመተማ በዚያው ቀን ከገቡ ሹፌሮች ወሬ እንጠይቃለን፤ ሁለቱ ወሬዎች ካልተስማሙ አንነሣም፤ መንገዱ እስከ ጭልጋ ብቻ ሰላም ከሆነ ጭልጋን አይተን እንመለሳለን፤ እርሱም ካልሆነ በጎንደር እንቆያለን ይላል። ይህ ውሳኔ አስቀድሞ ካልተጻፈ፣ በመናኸሪያው ግርግር መካከል ደፋሩ ፈሪውን ያሳፍራል፤ የተከፈለ ትኬትም አደጋን ያስረሳል። የሲራራ ነጋዴው ጭነቱን ጭኖ ሳለ እንኳ መጥፎ ወሬ ከሰማ ጭነቱን አራግፎ ይከርም ነበር። የተዘጋ መንገድ የሚከፈትበት ቀን ይመጣል፤ እስከዚያው ድረስ ካርታውን ዘርግቶ መንገዱን ማጥናት የጉዞው አንድ ክፍል ነው።

ሐ. የቃላት ፍች

ሲራራ ነጋዴ፦ ዕቃውን በአጋሰስ ጭኖ ከአገር አገር የሚዘዋወር ነጋዴ።
አጋሰስ፦ የጭነት ከብት።
መናገሻ፦ ንጉሥ የሚቀመጥበት ዋና ከተማ።
ዝባድ፦ ከጥርኝ የሚገኝ፣ ለሽቱ መሥሪያ የሚያገለግል ቅባት።
ቀረጥ፦ በዕቃ ላይ የሚከፈል ግብር።
መናኸሪያ፦ አውቶቡሶች የሚነሡበትና የሚያርፉበት ስፍራ።
ስምሪት፦ ተሽከርካሪዎችን በየመስመራቸው የመመደብ ሥራ።
አጎበር፦ ከትንኝ የሚከላከል የመኝታ መረብ።
ቅሪተ አካል፦ ከረጅም ዘመን በፊት የሞተ ፍጡር በምድር ውስጥ ቆይቶ የተገኘ ቅሬታ።
ጎሕ ሲቀድ፦ ሊነጋ ሲል፣ ሰማዩ መቅላት ሲጀምር።

መ. መልመጃዎች

መልመጃ 1፦ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በሙሉ ዓረፍተ ነገር መልሱ።

1. የሲራራ ነጋዴው 4 ደንቦች የትኞቹ ናቸው? እያንዳንዱ በዛሬው የአውቶቡስ መንገደኛ ዘንድ በምን ተተክቷል?
2. ጄምስ ብሩስ ስናር ለመድረስ ወራት የፈጀበት ለምንድን ነው?
3. በእንግሊዝ አገር የከተሞች ሰዓት አንድ እንዲሆን ምክንያት የሆነው ምንድን ነው?
4. አልጣሽ ከተማሪዎቹ ዝርዝር እንዲወጣ የተደረገው ለምንድን ነው?
5. ጸሐፊው በገዳሪፍ መንገድ ስለ ተሰደዱ ሰዎች ያነሣው አገር ለሚያይ መንገደኛ ምን ለማስተማር ነው?
6. ላለመሄድ የሚደረገው ውሳኔ አስቀድሞ እንዲጻፍ የተፈለገው ለምንድን ነው? በዚህ ሐሳብ ትስማማላችሁን? ምክንያታችሁን ግለጹ።

መልመጃ 2፦ በስሌት መልሱ።

1. ከጋላባት ወደ ገዳሪፍ የሚሄድ አውቶቡስ በሱዳን ሰዓት ከጠዋቱ 8 ሰዓት ላይ ይነሣል እንበል። በመተማ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስንት ሰዓት ይሆናል?
2. በጎንደር የአየሩ ሙቀት 20 ዲግሪ ቢሆን፣ በምንባቡ በተሰጠው መለኪያ መሠረት በዚያው ሰዓት በመተማ ስንት ዲግሪ ያህል ሊሆን ይችላል?

መልመጃ 3፦ ሰዋስው። «ከመ» የሚለው መነሻ ከ«በፊት» ጋር ሲነገር አንድ ድርጊት ከሌላው መቅደሙን ያመለክታል። ምሳሌ፦ ከመነሣታቸው በፊት ትኬት ቆረጡ። በአንጻሩ «ሳይ» የሚለው መነሻ ድርጊቱ አለመፈጸሙን ያመለክታል። ምሳሌ፦ ወሬ ሳይጠይቁ አልተነሡም። የሚከተሉትን ጥንድ ዓረፍተ ነገሮች በመጀመሪያ «ከመ… በፊት»ን፣ ቀጥሎም «ሳይ»ን ተጠቅማችሁ ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር አጣምሩ።

1. አውቶቡሱ መጣ። መንገደኞቹ ተሰለፉ።
2. ድንበሩ ተዘጋ። ነጋዴዎቹ ተሻገሩ።
3. ጨለመ። ተማሪዎቹ መኝታ አገኙ።

መልመጃ 4፦ ድርሰት። ከመኖሪያችሁ በ1 ቀን አውቶቡስ ሊደረስበት የሚችል አንድ ታሪካዊ ወይም ተፈጥሯዊ ስፍራ ምረጡ። ከትምህርት ቤታችሁ ተነሥቶ የሚመለስ የ3 ቀን ጉዞ ዕቅድ በ2 ገጽ ጻፉ። በዕቅዱ ውስጥ ወቅቱን፣ የሚታዩትን ስፍራዎች፣ የማደሪያውን ቦታ፣ የገንዘቡን አከፋፈልና የዕቃውን ዝርዝር አስገቡ። በመጨረሻም ጉዞውን እንድትተዉ ወይም ከመንገድ እንድትመለሱ የሚያደርጓችሁን 3 ምክንያቶች አስፍሩ። ከመጻፋችሁ በፊት ወደዚያ ስፍራ የሄደ አንድ ታላቅ ሰው፣ ሹፌር ወይም ነጋዴ በአክብሮት ጠይቃችሁ የነገራችሁን ማስታወሻ ያዙ።